አይነኬና የእማዬ ጣቶች

ወንድሜ በኦሊምፒክ ቦክስ ወርቅ ያመጣ ሰው ነው። ይህን ቀድሜ የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራስ ቢሆን ምን አለበት፣ ወንድሜ አይደል? ኦሊምፒክ በደረሰ ቁጥር ጋዜጠኞች ትዝ ይላቸውና እየተንጋጉ ይመጣሉ። «ሜዳሊያውን አንገትዎ ላይ ያድርጉልን» ይሉታል፤ ያደርጋል። «ትንሽ ፈገግ ይበሉልን» ይሉታል፤ ፈገግ ይላል። ከዚያ ሻንጣቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ጋዜጠኛ ተመላልሶ አንዱ እንኳን «እንዴት ነበር ፊትዎን የማይመቱት?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠች ሴት ጠየቀችኝም አልጠየቀችኝም ሳልነግራት አትነሳም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባታችን ነው። አባታችን በሥራ ቀን ጆንያ ይሸከማል፤ በእረፍት ቀን ገበያ መሐል ሰው ክብ ይሠራለትና ከመጣው ሁሉ ጋር በቡጢ ይጋጠማል። ብዙውን ጊዜ ያሸንፍ ነበር። ማሸነፍ ግን አለመመታት አይደለም። መጀመሪያ ቃል ይጠፋው ጀመር፤ ቀጥሎ መንገድ። አንድ ቀን የኛን ቤት አልፎ ሰው ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ እራት ሲጠብቅ ተገኘ። ጎረቤት ሳቀ፤ እማዬም አብራ ሳቀች። ሰንበትበት ብሎ ግን አንድ ጠዋት እማዬን ቀና ብሎ አያትና «ሴትዮ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት። ከዚያ ወዲያ በቤታችን በዚህ ነገር የሳቀ የለም።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ ገና ጢም አላወጣም። እማዬ ፊቷ አቆመችውና «በአባትህ አጥንት! ለጨዋታም ቢሆን፣ ለእንጀራም ቢሆን፣ ቡጢ ጨብጠህ ሰው ፊት እንዳትቆም» አለችው። ማለላት።

እማዬ ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገችን። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ብርሃኗን ሲወስድባት እንኳ ኪሮሾዋን አላስቀመጠችም። ክር አንድ ቦታ ቢያመልጣት ጣቷ እዚያው ይቆማል፤ ትተረትረውና እንደገና ትሠራዋለች። ዓይኗ ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ እኛንም እንደ ሹራቡ በጣቷ ማየት ጀመረች። ማታ ወንድሜ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ጎንበስ ይላል። እሷ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቅንድቡን፣ ከዚያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ከንፈሩን ትዳስስና በመዳፏ ጉንጩን መታ ታደርገዋለች። «ደህና ነህ፤ ግባ» ትለዋለች። እሷ ደህና ነህ ሳትል እራት አይቀርብም።

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ትኬት ቆራጭ ሁለቱም እጁ ሥራ ላይ ነው፤ ባንዱ ትኬት፣ ባንዱ መልስ። ስለዚህ የመያዣውን ብረት አይዝም። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ሲቆም ይቆማል፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲላተም እሱ መሐላቸው እንደ ዓሣ ይሹለከለካል። አንድ ቀን አንዱ ሰካራም «አልከፍልም» ብሎ ኮሌታውን ሊይዝ ተነሳ። አንዴ ሰነዘረ፣ ሳተ። ደገመ፣ ሳተ። ሦስተኛውን ሲሰነዝር ራሱ ሄዶ የአንዲት ሴትዮ ጭን ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ እጁን እንኳ አላነሳም፤ ዝም ብሎ «ትኬት የሌለህ» ማለቱን ቀጠለ።

ከኋላ ወንበር ይህን ሲያይ የነበረ ሰው አለ። ቀን መካኒክ፣ ማታ ማታ እዚያው ጋራዡ ውስጥ የቦክስ አሰልጣኝ ነው። ለዙር መጀመሪያና መጨረሻ የከባድ መኪና ቸርኬ ሰቅሎ በመፍቻ ስለሚደውል ሰው ሁሉ ጋሽ ቸርኬ ነው የሚለው። የዚያን ቀን ጋሽ ቸርኬ «ወራጅ አለ» ማለቱን ረስቶ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ። አውቶቡሱ ባዶ ሲሆን ወንድሜን ጠጋ አለውና፣

«አንተ ልጅ፣ አለመመታትን ማን አስተማረህ?» አለው።

«ማንም። እዚህ ካልነቃህ ትወድቃለህ» አለው ወንድሜ።

«ነገ ጋራዡ እንድትመጣ።»

«እናቴ አትፈቅድም።»

«እናትህን መቼ ጠራኋት?»

ወንድሜ ሄደ። ለምን ሄደ ብትሉኝ ስለወደደው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ቀኑን ሁሉ በአንድ መስመር ሲመላለስ የሚውል ሰው፣ በራሱ እግር ወደፈለገው የሚዞርበት ቦታ አገኘ። መሐላውንስ? ስጠይቀው ዓይኑን ሳይሰብር «ሰው ፊት እንዳትቆም ነው ያለችኝ። እኔ መች ቆማለሁ? እዞራለሁ እንጂ» አለኝ። ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሌባ ባስፈታ!

ለጋሽ ቸርኬ ግን አንድ ነገር ነገረው። «ፊቴ ላይ ምልክት የወጣ ቀን፣ ያቆምኩበት ቀን ነው። እናቴ በጣቷ ታየኛለች።» ጋሽ ቸርኬ አሰበ አሰበና ዘዴ አበጀ። የተጋጣሚውን ጓንት ጠመኔ ይቀባዋል። ልምምዱ ሲያልቅ ወንድሜ ፊት ላይ ነጭ ነገር ከተገኘ የጋራዡን ወለል ከዳር እስከ ዳር በጋዝና በመጋዝ ዱቄት እሱ ያጸዳል። መጀመሪያ ሰሞን ጋራዡ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም ነበር ይላሉ። እየዋለ ሲያድር ግን ወለሉ እንደ ድሮው ዘይት በዘይት ሆነ። ጎኑና ሆዱማ ቢጠቁር ማን አየው? እኔ ብቻ። ፋርማሲ ሄጄ ቅባት የምገዛው እኔ፣ የማሸው እኔ።

ታዲያ እማዬ «ማታ ማታ የት ነው የምታመሸው? ላብ ላብ ትሸተኛለህ» ማለቷ አልቀረም። በግድግዳ የምንዋሰነው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና «እማማ፣ እኔ ጋ ጠረጴዛ ቴኒስ ስንጫወት ነው» አላት። ጓሮው እውነትም አንድ የተንሻፈፈ ጠረጴዛ ነበረው፤ ጠረጴዛውን ግን ዶሮዎች ናቸው የሚያድሩበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኛ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ወንድሜ የከተማ ሻምፒዮን ሲሆን በጠረጴዛ ቴኒስ ሆነ። የሀገር ሻምፒዮን ሲሆንም በጠረጴዛ ቴኒስ ሆነ። ጋዜጦች «አይነኬ» ብለው ሰየሙት፤ ፀጉር አስተካካዩ ለእማዬ ኳሷ እንዴት እንደምትበር፣ ልጇ እንዴት እንደሚመልሳት እጁን እያወናጨፈ ይተርክላታል። ሴትዮዋ እንደማታይ እንኳ ይረሳዋል። ሰፈሩ በሙሉ፣ አትክልት ሻጯ ሳትቀር፣ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የማታውቀው እማዬ ብቻ ናት።

አትፍረዱባት። ሞኝ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ከኛ ሁሉ ትበልጥ ነበር። ግን ሰው ቢዋሻት ጣቷ አይዋሻትም። ማታ ማታ የልጇን ፊት ትዳስሳለች፤ ፊቱ ደግሞ እንደተወለደ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ?

ኦሊምፒክ ሄደ። ለፍጻሜም ደረሰ። የፍጻሜው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተሰብስቦ ሬዲዮኑን ከበበ። ለኔ ምን ተሰጠኝ መሰላችሁ? እማዬን መያዝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወሬ እንዳይሰማት ላጫውታት ነው። እማዬ ደግሞ የዚያን ቀን ክር ልትጠቀልል ተነሳች። ሁለት እጄን አስዘርግታ ክሩን አጠለቀችብኝ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታጠነጥናለች። እጄ ታስሯል ማለት ነው። ወንድሜ ባሕር ማዶ ይደባደባል፣ እኔ እንደ ክር ማድረቂያ ተገትሬአለሁ።

በግድግዳው በኩል መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ከዚያ ማጉረምረም። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ ባንዴ «ኡ!» አሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እማዬ።

«ኳሷ ወጥታባቸው ይሆናል» አልኳት።

«አንቺ፣ እጅሽን አታንቀጥቅጪ፤ ክሩ ይወሳሰባል።»

እዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ተጋጣሚው ረጅም፣ ግራኝ፣ ወደፊት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። ወንድሜ ከሦስቱ ዙር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደ ልማዱ ዞረው፤ አንድም ቡጢ ፊቱን አልነካውም። ዳኞቹ ግን የሚሸሽ መሰላቸውና ነጥቡን ለዚያኛው ሰጡት። ሕዝቡም ያፏጭበት ጀመር። በእረፍቱ ጋሽ ቸርኬ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ «ሁለቱንም ወስዶብሃል። ወይ ፊትህን ይዘህ ትመለሳለህ፣ ወይ ወርቁን። ሁለቱን ግን አይሆንም» አለው። ወንድሜ ተነሳ፤ ሰው ፊት ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። አፍንጫው ተሰበረ፣ ቅንድቡ ተተረተረ፣ እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ ሳይል መታ፣ መታ፣ መታ፤ ያ ረጅም ሰውዬ ተዘረጋ። በዚያች ሰዓት ምን አሰብክ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ምንም። እማዬ በጣም ሩቅ ነበረች» ነው ያለኝ።

ግድግዳው በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ በሩን በርግዶ ገባና እንባውን እያዘራ «እማማ! ልጅዎ ዓለምን አሸነፈ! በጠረ… በጠረጴዛ ቴኒስ!» አለ። እማዬ የክሩን ድቡልቡል ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ አለቀሰች። «ተመስገን፤ ልጄን በማይጎዳው ነገር ሰው አደረግህልኝ» አለች። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ክሩ ከእጄ ሳይወልቅ ሳቄም ልቅሶዬም መጣብኝ።

ጉድ የፈላው ሊመለስ ሲል ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ «ደረጃ ላይ ወደቀ እንበላት» አለ። አትክልት ሻጯ «እብጠቱ እስኪጎድል አክስቱ ጋ ይክረም» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ዶሮዎቹን አባሮ ጠረጴዛውን አጥቦ ነበር፤ ለምን እንዳጠበው ራሱም አያውቅ። ወንድሜ ግን ከአውሮፕላን ወርዶ ይህን ሁሉ ምክር ሰማና «በቃ፤ ደክሞኛል» ብቻ አለ።

ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። እማዬ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ወንድሜ ሜዳሊያውን ኪሱ ከተተና ጎንበስ አለላት። አውራ ጣቶቿ ቅንድቡ ላይ ደረሱ፤ ስፌቱን አገኙት። ቆሙ። ወደ አፍንጫው ወረዱ፤ የተጣመመበት ጋ ደርሰው እንደገና ቆሙ። ልክ ክር ሲያመልጣት እንደምትቆመው።

«ኳሷ ትልቅ ናት ማለት ነው» አለች።

ማንም አልሳቀም። «ሰው ሁሉ ይውጣልኝ» አለች። ሰው ሁሉ ወጣ፤ እኔ ግን በሩን ተደግፌ ቀረሁ። እማዬ እጇን ከፊቱ ላይ አላነሳችም።

«የአውቶቡስህን ፌርማታ ንገረኝ» አለችው።

«እማዬ፣ አፈር ስሆን…»

«ንገረኝ አልኩህ። ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ቤት።»

ወንድሜ በተደፈነ አፍንጫው «ባቡር ጣቢያ» አለ። «እንጨት መጋዘን። ድልድዩ። ፖስታ ቤት። ሆስፒታል። ዳቦ ቤት። ከዚያ ቤት።» እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትሄዳለች። ቤት ሲል አንድ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች። አባታችን ከቃል ቀጥሎ የጠፋው መንገድ ነበር፤ ለካ እሷ ይህን ሁሉ ዘመን አልረሳችውም። «ማታ ማታ ትነግረኛለህ» አለችው። «አቁምም አልልህ፣ ቀጥልም አልልህ። ብቻ ትነግረኛለህ።»

ሰፈሩን በሙሉ አኮረፈች። ፀጉር አስተካካዩ አስቀድሞ ሹራብ አዝዟት ነበር፤ ሠርታ ሰጠችው፤ አንደኛው እጅጌ እስከ ክርኑ ብቻ ነበር። ሰውዬው ይገባኛል እያለ ብርዱን ሁሉ እሱኑ ለብሶ ከረመ። እሷም በመጨረሻ አዘነችለትና እጅጌውን ቀጠለችለት፤ ክሩ ግን ሌላ ቀለም ነበር።

ወርቁ ከመጣ በኋላ ባለ ከረባት ሰዎች ይመላለሱ ጀመር፤ ውጭ ወስደነው ለገንዘብ ይጋጠም አሉ። ወንድሜ ሊሄድ ይችል ነበር፤ እማዬ አልከለከለችውም። ግን ማታ ፌርማታውን ሲቆጥርላት ኪሮሾዋ ይቆማል። ባቡር ጣቢያ ካለበት ቤት እስኪል ድረስ እማዬ አትተነፍስም። አንድ ማታ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘውና ትንሽ ዘገየ፤ እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። በማግስቱ ጓንቱን ለጋሽ ቸርኬ መለሰለት። «ቡጢውን ችዬዋለሁ፤ የሷን ዝምታ ግን አልቻልኩትም» አለው። ጋሽ ቸርኬ ሲረግመው ዋለ፤ ማታ ግን ራሱ ቤታችን መጥቶ እማዬን ይቅርታ ጠየቃት።

እንግዲህ ወንድሜ እንዲህ ነው። ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ፤ ኋላም ሾፌር ሆነ። ተሳፋሪው ሲያውቀው «አይነኬ፣ ቀስ በል እንጂ!» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም ይስቃል። ጋሽ ቸርኬ ሲሞት ጋራዡን ተረክቦ የሰፈሩን ልጆች አስተማረ። ሁሉም መጀመሪያ የሚማሩት አለመመታትን ነው፤ የጠመኔውም ነገር እስከ ዛሬ አለ። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ሞተችበት። እማዬ በእርጅና እስክትሞት ድረስ አንድም ማታ ሳይነግራት አላደረም።

ከቀብሯ ሲመለስ እኔ ቤት መጣ። በሩ ላይ ጫማውን እየፈታ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ባቡር ጣቢያ» ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ አንጀቴን በላው። እዚያው እኔ ጋ ቀረ፤ ጫማውን በፈታ ቁጥር ይቆጥራል። እኔም ሽሙጤን አልተውም፤ «ጋሼ፣ ትኬቴን ቆርጫለሁ፣ ይበቃል» እለዋለሁ። ጆሮዬ ግን እንደ እማዬ ነው። የራሴን ልጅ እንኳ እንደዚያ አላዳመጥኩም።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል፤ ጡረታም ወጥቷል። አንድ ማታ ሽንኩርት እየላጥኩ እሱ ጫማውን ይፈታል። «ባቡር ጣቢያ። እንጨት መጋዘን። ድልድዩ። ሆስፒታል…»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ።

«አልሰማሁህም ጋሼ፤ እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ፖስታ ቤትን ድጋሚ ዘለለው። «ከዚያ ቤት» አለና ቲቪ ከፈተ። እኔ የሽንኩርቱ ነው እያልኩ አለቀስኩ። አባታችን ነው ፊቴ የተደቀነው። ሴትዮ፣ ማንን ፈልገሽ ነው።

ጠዋት ፀጉር ቤቴን ሳልከፍት ወጣሁ። በዚያ መስመር ከሄድኩ ቆይቻለሁ፤ ሱቄ ከቤቴ ሥር ነው። ለምን እንደምሄድ ለራሴም አልነገርኩ። በሌላ መንገድ በታክሲ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄድኩና ከዚያ አውቶቡሱን ተሳፈርኩ፤ እንደ እሱ ቆጠራ ከመጨረሻው ጀምሬ። እንጨት መጋዘኑ አለ። ድልድዩም አለ። ከዚያ አውቶቡሱ ፖስታ ቤቱን ሳይቆም አለፈው።

«ሾፌር! ፖስታ ቤት አትቆምም እንዴ?»

«ማዘር፣ እሱ ፌርማታ እኮ ቀርቷል» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «ፖስታ ቤቱ ሲዘጋ ነው ያነሱት። በዚህ ሰሞን ነው።»

በመስኮት ዞር ብዬ አየሁ። ምሰሶው ተነቅሏል፤ ቀዳዳው በአዲስ ሲሚንቶ ተደፍኗል። «እሰይ! እሰይ! ተባረክ የኔ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለአንድ ለቀረ ፌርማታ እንዲህ የተመረቀ ሾፌር ያለ አይመስለኝም። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እየሳቅሁ እንባዬን ስጠርግ አንዲት ሴትዮ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ሚጡ፣ የት ነበርሽ?» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ አሁንም ሚጡ ነው የሚለኝ።

«ገበያ።»

ባዶ እጄን አየ። «ፖስታ ቤቱን ልታዪ ሄደሽ ነው አይደል?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ማታ ድገመው ስትዪኝ ገባኝ። የተነሳ ፌርማታ አይቆጠርም ብዬ ነው እኮ። ምን አለ በአውቶቡስ ከመንከራተት እኔኑ ብትጠይቂኝ?»

«ጠይቄህስ 'የቱ ፖስታ ቤት?' ብትለኝ?»

ወንድሜ በሩ ላይ እንደቆመ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለልኝ። እኔ እማዬ አይደለሁም፤ ጣቴ የፀጉር ቀለም የበላው ነው። ግን በሁለት አውራ ጣቶቼ ቅንድቡን፣ ከዚያ ያን ጠማማ አፍንጫውን፣ ከዚያ ከንፈሩን ዳሰስኩት።

«ደህና ነህ፤ ግባ» አልኩት።